የመንዛሪው ገበታ

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ጧት፣ ከሀገር ቤት ከመጡ ተሳላሚዎች ጋራ ወደ አሮጌይቱ ኢየሩሳሌም ለመግባት፣ ዐረቦቹ የዓምዱ በር፣ ሌላው ዓለም ግን የደማስቆ በር ከሚለው ደጃፍ ደረስን። ሰፋፊው የድንጋይ ደረጃ ቁልቁል እየወረደ ወደ በሩ ያደርሳል፤ በግራና በቀኙ የፍልስጥኤም ባላገር ሴቶች የወይን ቅጠልና ናዕና በጨርቅ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ቀለበት ዳቦ በራሱ ላይ የተሸከመው ልጅ በሕዝቡ መካከል እየተሽሎከሎከ ይጮኻል፤ ከሩሲያ፣ ከግሪክ፣ ከግብጽና ከሕንድ የመጣው ምእመን ሁሉ በየቋንቋው እየተነጋገረ ይጋፋል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል፣ ከበሩ በስተ ውስጥ፣ ወርዷ አራት ክንድ የማይሞላ አንዲት የገንዘብ መመንዘሪያ ሱቅ አለች፤ ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ምክንያት የሆነችኝም እርሷ ናት።

ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው ያለው ጠባብ የእብነ በረድ ገበታ ከብዙ ዘመን የእጅ መዳበስ የተነሣ ጠርዙ ሟሙቶ እንደ ሳሙና ለስልሷል። በመስተዋቱ ላይ የሰቅል፣ የዮርዳኖስ ዲናር፣ የዶላርና የዩሮ ዋጋ በእጅ ተጽፎ ተለጥፏል። በዚያ ያለው ዐረብ የዕለት እንጀራውን የሚገዛው በእስራኤል ሰቅል ነው፤ ጥሎሽ ሲቈርጥ ወይም መሬት ሲሸጥ ግን ብዙውን ጊዜ በዲናር ወይም በዶላር ይዋዋላል፤ ስለዚህ መንዛሪው እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚፈለግ ሰው አይደለም፤ የአገሬውን ኑሮ ከአንዱ መንግሥት ገንዘብ ወደ ሌላው ሲያሻግር የሚውል፣ በየብስ ላይ የቆመ ባለ ታንኳ ይመስላል።

ከእኛ ጋራ ከላስታ የመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ። የእኅታቸው ልጅ ከአሜሪካ የላከችላቸውን የመቶ ዶላር ኖት በውዳሴ ማርያማቸው ቅጠሎች መካከል አጥፈው ብዙ ወራት አቆይተውት ስለ ነበር፣ ኖቱ በመካከሉ ነጭ መሥመር አውጥቷል። ከዚያ በፊት የሄድንበት አንድ ሌላ መንዛሪ ገና ሳይነካው «አሮጌ ነው» ብሎ መልሶት ነበርና እማሆይ እጃቸው እየፈራ ዘረጉት። ሽማግሌው ተቀበሉ። በአጠገባቸው የመቍጠሪያ መኪና ነበረ፤ ነገር ግን አልተጠቀሙበትም። አስቀድመው በአውራ ጣታቸው ጥፍር በሥዕሉ ሰውዬ ኰሌታ ላይ ያለውን ሻካራ ኅትመት ፈተጉ፤ ቀጥለው ወረቀቱን በጆሮአቸው አጠገብ አንድ ጊዜ አጮኹት፤ ከዚያም ወደ በሩ ብርሃን አንሥተው በውስጡ የተሰወረውን ጥላ መረመሩ፤ በመጨረሻም የእማሆይን ፊት አይተው መልሰው ወረቀቱን አዩ። ይህ ሁሉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ጊዜ ፈጀ። ከዚህ በኋላ ሰቅሉን ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ለራሳቸው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለእማሆይ እንዲታይ እያንዳንዱን ኖት በእብነ በረዱ ላይ እያነጠፉ ቈጥረው ሰጡ።

እማሆይ ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው ጥቂት ራቅ እንዳልን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ትናንት የተነበበልን ስለ እነዚህ አይደለም ወይ? ጌታችን ገበታቸውን የገለበጠባቸው እነዚሁ አይደሉም? እኛ በሕማሙ ሳምንት ከእነርሱ ጋራ ምን አገናኘን?» አሉኝ። ሰኞ አንጽሖተ ቤተ መቅደስ የሚታሰብበት ዕለት ነው፤ ማክሰኞም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የጥያቄ ቀን ይባላል። እኔም ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በመንገድ ላይ ቆሞ መልስ መስጠት ድፍረት መስሎ ስለ ታየኝ፣ «እማሆይ፣ ማታ አስቤበት ልንገርዎ» ብዬ ዝም አልኩ።

ማታ በዴር ሱልጣን፣ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ፣ አባቶቻችን ስንት መከራ እየተቀበሉ በጠበቋቸው በእነዚያ የጭቃ ጎጆዎች አጠገብ ተቀምጬ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ማሰላሰል ያዝኩ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 እንደ ተደነገገው፣ ዕድሜው 20 ዓመት የሞላው እስራኤላዊ ወንድ ሁሉ፣ ባለጠጋው ሳይጨምር ድሀውም ሳያጐድል፣ ስለ ነፍሱ ቤዛ ግማሽ ሰቅል ይሰጥ ዘንድ ታዝዟል። በጌታችን ዘመነ ሥጋዌ ይህ ግብር በየዓመቱ ለቤተ መቅደሱ የሚገባ ነበር። ነገር ግን አይሁድ ከባቢሎን እስከ ሮም፣ ከግብጽ እስከ ቀሬና ተበትነው ይኖሩ ስለ ነበር፣ የሚያመጡት ገንዘብ እንደየአገሩ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ መዳብ የበዛበት፣ ሌላው በጠርዙ የተፋቀ፣ ሦስተኛው ክብደቱ የማይታወቅ። የመቅደሱ ሹማምንት ከዚህ ሁሉ መርጠው ለግብሩ የሚቀበሉት የጢሮስን ብር ነበር። የጢሮስ ሰቅል 14 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ብሩም እጅግ የጠራ ነው፤ በአንድ ፊቱ የጢሮስ ሰዎች የሚያመልኩት የመልቃርት ራስ፣ በሌላው ፊቱ ንስር ተቀርጾበታል። የጣዖት መልክ ያለበት ብር ወደ እውነተኛው አምላክ ቤት እንዲገባ መፈቀዱ እጅግ አስደንቆኛል። የቀደሙት ካህናት ከመልኩ ይልቅ ንጽሕናውን መርምረው መቀበላቸው ነው፤ እኔም ይህን እንደ ታላቅ ማስተዋል እቈጥረዋለሁ።

በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሚሽና እንደ ተጻፈ፣ አዳር በሚባለው ወር በ15ኛው ቀን የመንዛሪዎቹ ገበታዎች በየአውራጃው ይዘረጉ ነበር፤ በ25ኛው ቀን ደግሞ በመቅደሱ ውስጥ ይዘረጋሉ። ተከታዩ ወር ኒሳን፣ የፋሲካው ወር ነውና፣ የተሳላሚው ጎርፍ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡን ያስመነዘረ ሰው ቃልቦን የምትባል ጥቂት ጭማሪ ይከፍላል። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ አንድ ደካማ ሽማግሌ፣ ፀሐይ ባቃጠለው አደባባይ፣ የማያውቀውን ቋንቋ በሚናገር ሰው ፊት ቆሞ፣ ዓመት ያጠራቀማትን ብር ሲያስረክብ ይታየኛል። የዚያ ገበታ ባለቤት እውነተኛ ከሆነ የሽማግሌው መሥዋዕት ሙሉ ሆኖ ይቀርብለታል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ግን ሰውየው በአምላኩ ደጅ ተዘርፎ ይመለሳል። የንግሥት ህንደኬ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ፣ ከእንዲህ ያለ መንዛሪ ፊት ቆሞ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በዚያን ጊዜ አክሱም የራሷን ገንዘብ ገና አላተመችም ነበርና፤ ንጉሥ እንዱቢስ ስሙን በወርቅ ላይ ያሳተመው ከዚያ በኋላ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው።

ወደ እማሆይ ጥያቄ ስመለስ፣ በማቴዎስ ወንጌል ውስጥ ሁለት ነገሮች ፊቴ ላይ ተደቀኑ። አንደኛው፣ ጌታችን ግብሩን አለመቃወሙ ነው፤ በምዕራፍ 17 ጴጥሮስን ወደ ባሕር ልኮ ከዓሣው አፍ እስታቴር እንዲያወጣና ስለ ሁለታቸው እንዲከፍል አዝዞታል፤ አንድ እስታቴር ደግሞ በልኩ የሁለት ሰው ግማሽ ሰቅል ነው። ሁለተኛው ይልቁን ይበረታል። በምዕራፍ 21 ገበታቸውን የገለበጠባቸው ለዋጮች፣ በምዕራፍ 25 በመክሊቱ ምሳሌ እንደ ገና ይነሣሉ፤ በዚያ ግን መክሊቱን የቀበረው ሀኬተኛ ባሪያ የሚወቀሰው ገንዘቡን ለእነርሱ አደራ ባለመስጠቱ ነው። ዝርዝር ትርጓሜውን ለሊቃውንት እተዋለሁ፤ ለእኔ ለምእመኑ ግን፣ ቍጣው የጸሎትን ቤት ገበያ ባደረገው ዐመፅ ላይ የወረደ እንጂ፣ የሰውን ገንዘብ መዝኖና ለይቶ በሚመልስ እጅ ሁሉ ላይ የወረደ ሆኖ አልታየኝም። ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት የይሁዳ 30 ብር ራሱ የጢሮስ ብር ሳይሆን አይቀርም። ለመቅደሱ የተመረጠው የጠራ ብር የጌታውም መሸጫ መሆኑን ሳስብ፣ ምሥጢሩ ከብሩ ሳይሆን ብሩን ከያዘው ልብ እንደ ሆነ ይሰማኛል።

እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱ በሮማውያን ፈረሰ፤ ያ ግብርም በቄሳሩ በቬስፓስያኖስ ትእዛዝ ሮም ላለው ለዩፒተር ቤተ ጣዖት እንዲገባ ተደረገ። ገበታዎቹ ከመቅደሱ አደባባይ ተነሡ፤ ሙያው ግን አልጠፋም።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአቴና ያየሁት ትዝ አለኝ። በዚያች ከተማ በመጀመሪያው ቀን በዋናው ጎዳና ስሄድ፣ በየባንኩ ደጃፍ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ያየሁትን ቃል ፊደሉን እየቈጠርኩ ባነበው «ትራፔዛ» የሚል ሆነ። ጠረጴዛ ማለት ነው! እኛ የምንበላበትንና የምንጽፍበትን ዕቃ የምንጠራበት ቃል፣ በግሪኮች ዘንድ እስከ ዛሬ ባንክ የሚጠራበት መሆኑን ስረዳ፣ ከሩቅ ሀገር ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ የጥንቱ መንዛሪ ከአንዲት ጠረጴዛ በስተቀር ሌላ ቤት አልነበረውም። ጣልያኖችም በበኩላቸው መንዛሪው የሚቀመጥበትን አግዳሚ ባንኮ ስላሉት፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ ባንክ የሚለው ስም ከዚያው ወጥቷል። ከመስተዋትና ከብረት የተሠራው የዛሬው ታላቅ ሕንጻ በስሙ ውስጥ ያቺን የገበያ ጠረጴዛ ተሸክሟት ይኖራል።

በአቴና በጥንቱ የገበያ አደባባይ አጠገብ ባለው ቤተ መዘክር ደግሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ዓመት ግድም የወጣ አንድ ሕግ የተጻፈበት የድንጋይ ጽላት አለ። ሕጉ እንደሚለው፣ የከተማው ባሪያ የሆነ አንድ የብር መርማሪ በመንዛሪዎቹ ጠረጴዛዎች መካከል ይቀመጣል፤ ሰው የሚያመጣለትን ብር ይመረምራል፤ ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነውን ወዲያው በመቍረጫ ይሰነጥቀዋል፤ እርሱ መርምሮ መልካም ነው ያለውን ብር አልቀበልም ያለ ነጋዴም የዚያን ቀን የዘረጋው ሸቀጥ ሁሉ ይወረሳል። መርማሪው በስፍራው ባይገኝ ወይም በሕጉ መሠረት ባይመረምር 50 ግርፋት ይገረፋል። በዚያ ጽላት ፊት ብዙ ቆምኩ። ያች በነጻነቷ የምትመካ ከተማ፣ ነጻ ዜጎቿ ሁሉ የሚነግዱበትን ብር እውነተኛነት ለአንድ ባሪያ ዐይንና ጆሮ አደራ ሰጥታ፣ ያንኑ ሰው በጅራፍ ማስፈራራቷ እጅግ አሳዘነኝ። በዚያው ዘመን ጳስዮን የተባለ ሌላ ባሪያ በመንዛሪ ጌቶቹ ጠረጴዛ ላይ ታማኝነቱ ተፈትኖ ነጻ ወጣ፤ ጠረጴዛውንም ተረክቦ ከአቴና ባለጠጎች አንዱ ሆነ፤ 1000 ጋሻ ለከተማዪቱ አበርክቶ ዜግነት አገኘ። ከእርሱ በኋላ ጠረጴዛውን የተረከበው ፎርምዮንም የእርሱ ባሪያ የነበረ ነው። በትውልድ ክብር የሌለው ሰው በእውነተኛነቱ ብቻ ሊከበርበት የሚችል ሙያ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህን ሙያ አልናቁትም። ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያና አርጌንስ እንደ ጠቀሱት፣ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን የተፈተኑ መንዛሪዎች እንዲሆኑ አዝዟል የሚል፣ በአራቱ ወንጌላት ያልተጻፈ ቃል በጥንቱ ምእመናን ዘንድ ይነገር ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ግን ዮሐንስ ካስያን በአስቄጥስ ገዳም ከነበረው ከአባ ሙሴ ሰምቼዋለሁ ብሎ የጻፈው ትምህርት ነው። አባ ሙሴ እንደሚለው፣ መነኵሴ በኅሊናው ደጃፍ እንደ መንዛሪ ተቀምጦ የሚመጣውን ሐሳብ ሁሉ መመርመር አለበት፤ ይህ ወርቅ የሚመስለው በእውነት ወርቅ ነው ወይስ ናስ? ወርቁ እውነተኛ ቢሆንስ የታተመበት መልክ የእውነተኛው ንጉሥ ነው ወይስ የቀማኛው? ሁለቱም ደኅና ቢሆኑ ደግሞ ውዳሴ ከንቱ እንደ ዝገት በልቶት ክብደቱ አልጐደለምን? ይህን የሚያስተምር ሰው በገበያ ቆሞ የመንዛሪን እጅ አተኵሮ ያየ መሆን አለበት። የግብጽ በረሃ አባት ለነፍስ ጥበቃ ከዓለም ሙያ ሁሉ ይህን አብነት አድርጎ መውሰዱ፣ ለእማሆይ ልሰጣቸው ካሰብኩት መልስ ሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

እኔም ብሆን ይህን እጅ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። አያቴ ከአገልግሎት ከወጣ ብዙ ዘመን የሆነውን ጠገራ ብር በአንዲት ማሰሮ ያኖሩ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ አውጥተው ሲያጥቡት፣ እንዴት ይመረመር እንደ ነበረ ያሳዩኛል። ብሩን በጣታቸው ጫፍ ሚዛን አድርገው አቁመው በሌላው ብር ይነኩታል፤ ድምፁ ረዥምና ጥርት ያለ ከሆነ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥለው በብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን እንክብሎች በጥፍራቸው እየነኩ ዘጠኝ ድረስ ያስቈጥሩኛል። አንዲቱ እንኳ ተፍቃ ከጠፋች ገበሬው ብሩን አይቀበልም ነበር። ነጋዴው ስንት እንደሚል የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ ጠገራ የሚመነዘረው አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በራቀ ቍጥር ስለሚወደድ፣ ቍጥሩ በየገበያው ይለያይ ነበር፤ ጥጉ የተሸረፈ አሞሌም በሙሉ ዋጋው አይሄድም ነበር።

ያች የኦስትርያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ ወዲህ በቪየናና በቬኒስ፣ በኋላም በሮም፣ በሎንዶንና በቦምቤይ ሲታተም፣ ያው የ1780 ቍጥር አልተለወጠም። ክብደቱም 28 ግራም ያህል ሆኖ ጸንቷል። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ካሳተሙ በኋላ እንኳ፣ ባላገሩ የለመደውን የሴቲቱን መልክ አልተወም፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስከ ታወጀ ድረስ ጠገራው በገበያው ነገሠ። ብዙዎች ይህን የባላገሩን ግትርነት ኋላ ቀርነት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ወረቀት ማንበብ ያልተማረ ሰው በጆሮው፣ በጥፍሩና በእጁ ሚዛን ብቻ እውነትን ከሐሰት መለየት መቻሉ፣ የተማረው ሁሉ ሊያከብርለት የሚገባ ዕውቀት ነው። አያቴ ሱቅ አልነበራቸውም፤ መንዛሪ ተብለውም አያውቁም፤ ይሁን እንጂ በዓምዱ በር ያሉት ሽማግሌ ኖቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡ፣ ያየሁት የአያቴን እጅ ነው።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ምክረ አይሁድ በሚታሰብበት ዕለት፣ መልሴን ይዤ እማሆይን ፈለግሁ። እርሳቸው ግን ከእኔ አስቀድመው፣ «ልጄ፣ ወደዚያ ሽማግሌ መልሰህ ውሰደኝ» አሉ። መንገድ ላይ የመቀነታቸውን ሌላ ጫፍ ፈተው በጥጥ የተጠቀለለ ጠገራ ብር አሳዩኝ። እናታቸው ለኢየሩሳሌም ተስለው ሳይደርሱ አርፈዋል፤ ሲያርፉም ብሩን ለልጃቸው አደራ ሰጥተዋል። «ዛሬ ለዴር ሱልጣን ላገባው ነው፤ ግን በጌታ ቤት ሐሰተኛ ብር ሰጥቼ እንዳልገኝ ሰው ይይልኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ያ የጢሮስ ብርና የጥንቱ ተሳላሚ በፊቴ ድቅን አሉብኝና ለመልስ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት።

ሽማግሌው ብሩን በመዳፋቸው አገላበጡት። ሁለት ራስ ያለውን ንስር ባዩ ጊዜ ፈገግ ብለው በዐረብኛ የማላውቀውን ቃል ተናገሩ። በእብነ በረዱ ላይ አንድ ጊዜ ጣል አደረጉት፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ጥርት ያለ ድምፁ ተሰማ፤ ሽማግሌውም ድምፁ እስኪያልቅ ዐይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። በአጕሊ መነጽር ጌጡን አዩ። ከመሳቢያቸው ትንሽ የወርቅ ሚዛን አውጥተው ብሩን አኖሩበትና ቍጥሩን በወረቀት ጽፈው ወደ እኔ ገፉት። ዋጋ እንድንከፍላቸው ብጠይቅ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ።

«ምን አሉ?» አሉኝ እማሆይ፣ ዐይናቸውን ከሚዛኑ ሳይነቅሉ።

«ብሩ እውነተኛ ነው፤ ክብደቱም ልክ ነው አሉ።»

እማሆይ ብሩን ተቀብለው ተሳለሙትና መልሰው በጥጡ ጠቀለሉት። «እናቴም እንደዚሁ ነበር ያለችኝ» አሉ።